የኢግቦ ችግር የዘዬ ብዛት አይደለም

ሰሞኑን ስለ ኢግቦ ቋንቋ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ለእኔም ደረሰኝ። ስለ ናይጄሪያ ቋንቋዎች በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እንደ ልብ ስለማይገኝ ደስ ብሎኝ ነው የከፈትኩት። አንብቤ ስጨርስ ግን ተናደድኩ። ሂውስተን ውስጥ ለዓመታት ከኢግቦዎች ጋር ሠርቻለሁ፣ ሠርጋቸውም ለቅሷቸውም ላይ ተገኝቻለሁ፣ ቋንቋቸውን ለመልመድም ታግያለሁ። ስለ እነሱ እንዲህ ያለ ነገር በእኔው ቋንቋ ተጽፎ ሲዞር ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ላላነበበው ሰው፣ ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው። ኢግቦ አንድ ቋንቋ ሳይሆን በአንድ ስም የተጠሩ የማይግባቡ ልሳናት ስብስብ ነው። የጽሑፍ ታሪክ የለውም። ከዕብራይስጥ የወጣ ስለሆነ የአማርኛ ዘመድ ነው። ተናጋሪዎቹ ነጋዴ ስለሆኑ ለቋንቋቸው ግድ የላቸውም፤ በ2025 ይሞታል የተባለውም ደርሷል። መፍትሔው ደግሞ አንዱን ዘዬ መርጦ ሌላውን በሙሉ መተው ነው።

አንድ በአንድ ልሂድበት። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ኢግቦ አንድ ቋንቋ አይደለም»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል። ብዙ ሰው ያሳመነውም ለዚህ ይመስለኛል። የኢግቦ ዘዬዎች ይለያያሉ፣ በጣም ይለያያሉ። ቋንቋው በዋናነት የሚነገረው በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ አምስት ግዛቶች ነው፦ አቢያ፣ አናምብራ፣ ኢቦኚ፣ ኢኑጉ እና ኢሞ። ከኒጀር ወንዝ ማዶ በዴልታ ግዛት አሳባና አግቦር አካባቢ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ በሪቨርስ ግዛትም ይነገራል። የተናጋሪው ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ 30 ሚሊዮን ይገመታል። አብዛኛው ኢግቦ ደግሞ ለዘመናት በአንድ ንጉሥ ሥር ሆኖ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ከተማና መንደር በራሱ ሽማግሌዎችና ጉባኤ ነው ሲተዳደር የኖረው። እንዲህ የኖረ ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አነጋገር እንዲኖረው መጠበቅ አይቻልም።

ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ውሃ ብዙ ቦታ «ምሚሪ» ነው፣ ኒጀር ወንዝ ዳር ባለችው በኦኒቻ ከተማ «ምሚሊ» ይባላል። ቤት ብዙ ቦታ «ኡሎ» ነው፣ ኦኒቻ «ኡኖ» ይላል። ብዙው ኢግቦ እምቢ ሲል «ምባ» ነው የሚለው፤ የኢኑጉና የንሱካ አካባቢ ሰው ደግሞ «ዋ» ይላል፣ በዚህም የተነሳ ሌላው ኢግቦ «ዋዋ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎ፣ ንኩዎ ከሚባሉት አራት የገበያ ቀኖች እንኳ ሁለተኛውን «ኦዬ» የሚሉት ብዙ ናቸው።

ዘዬዎቹ እንደ ሰንሰለት ናቸው። ጎረቤት ከጎረቤቱ ይግባባል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲኬድ ነው የሚከብደው። ኤክፔዬን፣ ኢዚና ኤዛን፣ ኢክዌሬን ራሳቸውን የቻሉ ልሳናት አድርገው የሚመድቡ የሥነ ልሳን ሰዎች አሉ፤ እነሱም ግን ሁሉንም በአንድ የኢግቦ ቤተሰብ ሥር ነው የሚያስቀምጧቸው። ክርክሩ ድንበሩ የት ይሁን የሚል ነው። ጸሐፊው ይሄን ክርክር ወስዶ «ኢግቦ የሚባል ነገር የለም» ወደሚል ለወጠው። ይሄ ትክክል አይደለም።

ሥራ ቦታዬ ላይ አንዲት የንሱካ ሴትና አንድ የአሳባ ሰው ነበሩ። ምሳ ሰዓት ላይ አብረን እንቀመጥ ነበር። እሷ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ እሱ ያዳምጥና «ግማሹ አልገባኝም» ይላታል። ስልኩን ዘግታ ወደ እሱ ስትዞር ግን አነጋገሯን ታስተካክላለች። የመንደሯን ቃል ትታ ሁሉም የሚያውቀውን ታመጣለች፣ ከበድ ያለውን ድምፅ ታለሳልሳለች፤ እሱም እንደዚያው ያደርጋል። ሲነታረኩም፣ ስለ ሰው ሲያሙም፣ አለቃችንን ሲያማርሩም በኢግቦ ነው። እንዲህ አድርጉ ብሎ ያስተማራቸው የለም። የማይግባቡ የሁለት ቋንቋ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ እዚያው በእንግሊዝኛ ይገላገሉት ነበር፤ እንግሊዝኛ እንደሆነ ሁለቱም አሳምረው ይችላሉ።

ጸሐፊው በሪቨርስ ግዛት የሚኖሩት ኢክዌሬዎች «እኛ ኢግቦ አይደለንም» ማለታቸውን ዋና ማስረጃው አድርጎታል። በጣም ያስቆጣኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ኢግቦዎች የሚበዙበት ምሥራቅ ናይጄሪያ «ቢያፍራ» ብሎ ልገንጠል በማለቱ ከ1967 እስከ 1970 የቢያፍራ ጦርነት ተደርጓል። ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል፣ አብዛኛው በረሃብ። ጦርነቱ ሲያበቃ በሪቨርስ ግዛት ዋና ከተማ በፖርት ሃርኮርት ውስጥ የኢግቦዎች ቤት «ባለቤት የሌለው ንብረት» ተብሎ ለሌላ ሰው ተሰጠ። በዚያ ጊዜ በዚያ ከተማ ኢግቦ መባል ቤት ያሳጣ ነበር። የቦታ ስሞችም ተቀየሩ። በኢግቦ «ኡሙ» ማለት ልጆች፣ የእገሌ ዘር ማለት ነው፤ ብዙ መንደር በዚህ ቃል ነው ስሙ የሚጀምረው። ኡሙኦኮሮ ሩሙኦኮሮ ሆነ፣ ኡሙኦላ ሩሙኦላ ሆነ፣ ኦቢግቦ ኦዪግቦ ተባለ። ዛሬ ፖርት ሃርኮርት የሄደ ሰው ታክሲ ሲይዝ የሚሰማቸው የሰፈር ስሞች እነዚህ ናቸው።

ከጦርነቱ በፊትም «እኛ የተለየን ነን» የሚሉ ኢክዌሬዎች ነበሩ፣ ይሄን አልክድም። ማንነታቸውን የሚወስኑትም እነሱ ራሳቸው ናቸው፤ እኔ ከሂውስተን ተቀምጬ ኢግቦ ናችሁ የምልበት መብት የለኝም። ግን ሰው ቤቱንና ሕይወቱን ለማዳን የወሰደውን ውሳኔ የቋንቋ ልዩነት ማስረጃ ነው ብሎ ማቅረብ በሰው ቁስል ላይ መቆም ነው።

«አንዱን ዘዬ መርጦ ሌላውን መተው»

ጸሐፊው ይሄን ሐሳብ እንደ አዲስ ግኝት ነው ያቀረበው። ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲሞከር የኖረ ነገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከኢግቦ ምድር ውጭ፣ ሴራሊዮን ፍሪታውን ውስጥ ነው። እንግሊዞች ከባሪያ መርከቦች ላይ ነጻ ያወጧቸውን ሰዎች እዚያ ያሰፍሩ ነበር፤ ከመካከላቸው ብዙ ኢግቦዎች ነበሩ። ሚስዮናውያን ከእነሱ ተምረው «ኢሱአማ» የሚሉትን ኢግቦ መጻፍ ጀመሩ። ያኮብ ሾን የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ፍሪታውን ላይ ኢግቦ ለፍቶ ተማረና በ1841 ከእንግሊዞች ጉዞ ጋር ኒጀር ወንዝ ላይ ወጣ። አቦ ከተማ ደርሶ ሲናገር ግን የተማረው ኢግቦና የአገሬው ኢግቦ በጣም የተለያዩ ሆኑበት፤ ይሄንንም ራሱ ጽፎታል። ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር፣ ራሱ ከባርነት የተረፈ የዮሩባ ሰው፣ በ1857 የኢግቦ ፊደል ማስተማሪያ አሳተመ። እሱም በኢሱአማ ነበር። በዚያው ዓመት ኦኒቻ ላይ ሚሲዮን ተከፈተ፤ የኦኒቻ ሰው ግን ያንን ኢግቦ የራሴ ነው ብሎ አልተቀበለውም። ኢሱአማ በዚሁ ቀረ።

ቀጥሎ ቶማስ ዴኒስ የሚባል የአንግሊካን ቄስ መጣ። እሱ ደግሞ ከኦኒቻ፣ ከኦወሪ፣ ከኡንዋና፣ ከአሮቹኩ እና ከቦኒ አነጋገር አውጣጥቶ «ዩኒየን ኢግቦ» የሚባል ሠራ። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ተተርጉሞ በ1913 ታተመ። ማንም እናቱ ቤት የማይናገረው ኢግቦ ነበር። ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተነቧል፣ ተዘምሯል፣ ብዙ ሰው ማንበብ የተማረውም በሱ ነው። ለዚህ ክብር ልሰጠው እፈልጋለሁ። ታላቁ የኢግቦ ደራሲ ቺኑአ አቼቤ ግን የዴኒስን ሥራ አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ሕያው ቋንቋን ቆራርጦ በመገጣጠም ሕይወቱን አጠፋው ባይ ነበር። በ1999 ኦወሪ ላይ በኢግቦ ትልቅ ንግግር ሲያደርግ ዛሬ «መደበኛ» በሚባለው ኢግቦ አልተናገረም፣ በራሱ አካባቢ ዘዬ ነው የተናገረው። ያን ቀን ያከራከረው ነገር እስከ ዛሬ አልበረደም።

ከዚያ በ1930ዎቹ መጨረሻ አይዳ ዋርድ የተባለች እንግሊዛዊት የሥነ ልሳን ምሁር መጥታ የኦወሪና የኡሙአሂያን አካባቢ አነጋገር መሠረት ያደረገ «ማዕከላዊ ኢግቦ» እንዲያዝ ሐሳብ አቀረበች። አሁንም ኦኒቻ አኮረፈ። በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ የፊደል ጦርነት ነበር፦ መንግሥትና ካቶሊኮች በአንድ አጻጻፍ፣ አንግሊካኖች በሌላ። ከ1929 እስከ 1961 ድረስ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ማለት ነው፣ አንድ መንደር ውስጥ ያሉ ሁለት ልጆች ወደተለያየ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለሄዱ ብቻ ኢግቦን በተለያየ አጻጻፍ ይማሩ ነበር። የኢግቦ ጽሑፍ በደንብ ማደግ በነበረበት ዘመን እንዲህ ተጎተተ። ጥፋቱ የዘዬዎቹ ነው ወይስ የአብያተ ክርስቲያናቱ? ጸሐፊው ይሄን ቢያጠና ኖሮ መልሱን ያገኘው ነበር። በ1961 ኦንዉ የሚባሉ ሐኪም የመሩት ኮሚቴ ዛሬ የሚሠራበትን 36 ፊደል ያለውን አጻጻፍ አጸደቀ፣ ነገሩ ረገበ።

አሁን «መደበኛ ኢግቦ» የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው የጠነከረው። ኦግባሉ በ1949 ያቋቋመው የኢግቦ ቋንቋና ባህል ማስፋፊያ ማኅበር ብዙ ደክሞበታል። ይሄኛው ከቀደሙት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ከተለያዩ ዘዬዎች ቃል እየተቀበለ ነው ያደገው። ከታላላቆቹ የኢግቦ ሰዋስው ሊቃውንት አንዱ የሆነው ኤሜናንጆ የመጣው ከኒጀር ወንዝ ምዕራብ ነው፤ «ዳር» ከሚባለው፣ ጸሐፊው ይተው ካለው ወገን ማለት ነው። የኦወሪ ዘዬ ብቻ ተይዞ ሌላው ተጥሎ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሰው ለዚህ ቋንቋ ለምን ዕድሜውን ይሰጥ ነበር?

«የጽሑፍ ታሪክ የለውም»

ይሄኛው ብዙ አያቆየኝም። የኢግቦ ቃላት በመጽሐፍ ታትመው የወጡት በ1777 ነው፣ ኦልደንዶርፕ የሚባል ጀርመናዊ ካሪቢያን ላይ ከነበሩ ባሪያዎች ሰምቶ የመዘገባቸው። በ1789 ደግሞ ከባርነት ነጻ የወጣውና ኢግቦ ነኝ ያለው ኢኩዊያኖ ለንደን ላይ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ የኢግቦ ቃላት አሉ። የመጀመሪያው የኢግቦ ልብ ወለድ፣ የፒታ ንዋና «ኦሜኑኮ»፣ የወጣው በ1933 ነው። የናይጄሪያን የፊልም ኢንዱስትሪ፣ ኖሊውድን፣ ኖሊውድ ያደረገው የ1992ቱ ፊልም «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» እንኳ የተሠራው በኢግቦ ነው። ኋላ ገበያው ሰፋ ሲል ነው ወደ እንግሊዝኛ የዞሩት።

ጸሐፊው «ኢግቦ ሲጻፍ አይነበብም» ላለው ግን ትንሽ ልቆይ። ኢግቦ ውስጥ የድምፅ ከፍታ ትርጉም ይለውጣል። «አክዋ» የሚለው ቃል ሁለቱም ክፍል ከፍ ሲል ለቅሶ ነው። መጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛው ዝቅ ሲል ጨርቅ፣ ሲገለበጥ እንቁላል፣ ሁለቱም ዝቅ ሲሉ አልጋ ይሆናል። ጋዜጣና መልእክት ላይ ብዙ ሰው የከፍታውን ምልክት አይጽፍም። ይሄ ያስቸግራል፣ በተለይ እንደኔ ላለ ተማሪ። ግን እኛስ? «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ጊዜው ገና መሆኑ፣ «አለ» ስንል ተናገረ ይሁን መኖሩ፣ መጥበቅና መላላቱን ፊደላችን አያሳይም። ከዐረፍተ ነገሩ እንረዳዋለን። የኢግቦ አንባቢም እንደዚያው ነው የሚያደርገው።

«ከዕብራይስጥ የወጣ፣ የአማርኛ ዘመድ»

አንዳንድ ኢግቦዎች የእስራኤል ዘር ነን ብለው ያምናሉ፤ የአይሁድ እምነትን የሚከተሉ ማኅበረሰቦችም አሏቸው። ኢኩዊያኖ ራሱ የሕዝቡን ልማድ ከአይሁድ ልማድ ጋር አነጻጽሮ ነበር። እምነታቸውን አከብራለሁ፣ እሱ ላይ ምንም የምለው የለኝም። ቋንቋው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ይሄን ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ራሱ ሊፈትሸው ይችላል።

ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት። ሦስቱ ተነባቢዎች አይለወጡም፣ በመሀል ያሉት አናባቢዎች ናቸው የሚቀያየሩት። ዕብራይስጥም ያንኑ ሥር ይዞ «ሻቫር» ይላል። ሴማዊ ቋንቋ የሚታወቀው በዚህ ነው። አሁን ወደ ኢግቦ እንሂድ። «ቢያ» ማለት ና ነው። «ኦ ቢያራ» መጣ፣ «ኦ ቢያላ» መጥቷል፣ «ኦ ቢያጊ» አልመጣም። «ቢያ» ምንም አልሆነም፤ ከኋላው ነው የሚቀጠልበት። በዚህ ላይ የድምፅ ከፍታው አለ፣ «ግብ» እና «ክፕ» እንደ አንድ ድምፅ የሚወጡት ተነባቢዎች አሉ። የኢግቦ ቤተሰብ ኒጀር ኮንጎ ነው፣ ቅርብ ዘመዱም ዮሩባ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ለአማርኛ ሩቅ ዘመድ የሚፈልግ ሰው ሀውሳን ይመልከት። ሀውሳ እንደ አማርኛና እንደ ኦሮምኛ ከአፍሮ እስያ ቤተሰብ ነው።

«ነጋዴዎች ናቸው፣ ግድ የላቸውም፤ ቋንቋውም ሞቷል»

በ2025 ይሞታል የሚለው ነገር በዩኔስኮ ስም የናይጄሪያ ጋዜጦች ላይ ለዓመታት ሲደጋገም ኖሯል። 2025 አልፏል። ቢቢሲ በ2017 አማርኛን በጀመረበት በዚያው የማስፋፊያ ዕቅድ፣ በ2018 የካቲት ወር ላይ ኢግቦን ጀምሯል፣ ዛሬም ይሠራል። ጉግል ትርጉም ውስጥ ኢግቦ የገባው በ2013 ነው፤ አማርኛ የገባው በ2016 ነው። የናይጄሪያ ሕገ መንግሥት የምክር ቤት ሥራ ከእንግሊዝኛ ሌላ ሊካሄድባቸው ይችላል ብሎ በስም የጠቀሳቸው ቋንቋዎች ሦስት ናቸው፣ አንዱ ኢግቦ ነው። ፊኖ በኢግቦ ራፕ ያደርጋል፣ ፍሌቨር በኢግቦ ይዘፍናል፤ ሌጎስ ያለ የዮሩባ ልጅ ትርጉሙን ባያውቅም አብሮ ይላል።

የኢግቦ ስብሰባ ላይ የተገኘ ሰው ደግሞ ይሄን ያውቃል። እንግዳ ሲመጣ የኮላ ፍሬ በሳህን ይቀርባል። ከእጅ ወደ እጅ ይዞርና ትልቁ ሰው ጋ ይደርሳል። እሱ ያነሳውና ይመርቃል፤ ለሕይወት፣ ለልጅ፣ ለሰላም። በየመሀሉ ሁሉም «ኢሴ!» ይላል፣ እኛ አሜን እንደምንለው። ከዚያ ፍሬው ይከፈላል፣ ስንት ቦታ እንደተከፈለ ይታያል፤ አራት ከሆነ ከአራቱ የገበያ ቀኖች ጋር ያያይዙታል። ምርቃቱ በእንግሊዝኛ አይደረግም። «ኦጂ እንግሊዝኛ አይሰማም» ይላሉ፣ ኦጂ የሚሉት ኮላውን ነው። ሂውስተን ላይ ዶክተሩም ኢንጂነሩም ተሰብስቦ፣ አንድ የኦሃፊያ ሽማግሌ በራሳቸው ዘዬ ነው የመረቁት። የኦኒቻውም የንሱካውም ሰው «ኢሴ» ሲል ሰምቻለሁ። ከመካከላቸው «ዘዬዎ አይገባኝም» ያለ አልነበረም።

ነጋዴዎቹን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የኢግቦ ነጋዴ ከገጠር ልጅ አምጥቶ ለዓመታት ንግድ ያለማምደዋል፣ ሲጨርስ መነሻ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ «ኢግባ ቦይ» ይሉታል። ኦኒቻም፣ አባ ከተማም፣ ሌጎስ አላባ ገበያም ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከጌታው ጋር የሚያወራው በኢግቦ ነው። ከአቢያ የመጣው ከአናምብራ የመጣውን የሚሰማው እዚያ ነው። ቋንቋው የሚጠፋው ከገበያ አይደለም። ከተማረው ሰው ቤት ነው። አባትና እናት እርስ በርስ በኢግቦ እያወሩ ወደ ልጁ ሲዞሩ እንግሊዝኛ ያደርጉታል። እንግሊዝኛና ኢግቦ የተቀላቀለበትን አነጋገር «ኢንግሊግቦ» ይሉታል፤ አሁን አሁን ያም እየቀነሰ እንግሊዝኛው ብቻ እየቀረ ነው።

ለዚህ ወላጆቹን ብቻ መውቀስ አልችልም። ኢግቦ የተናገረ ልጅ የሚቀጣበት፣ ሳንቲም የሚከፍልበት፣ «ቨርናኩላር»፣ የአገር ቤት ቋንቋ ማለት ነው፣ ተናገረ ተብሎ ስሙ የሚጻፍበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው እንዲህ ተቀጥተው ነው ያደጉት። በ2022 የናይጄሪያ መንግሥት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን የሚል ፖሊሲ አጽድቆ ነበር። ለመምህራን ሥልጠና ሳይሰጥ፣ መጽሐፍ ሳያዘጋጅ በ2025 መልሶ ሻረው። ዘዬ ስለበዛ ቋንቋው ሞተ የሚለው ሰው የንሱካን ዘዬ ነገ ቢያጠፋው፣ ያ ልጅ ክፍል ውስጥ መቀጣቱ ይቀራል? ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩት። ስለ ዘዬ ብዛት ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ ይሄዳል፤ ስለ ትምህርት ቤት አንድ መስመር የለውም።